ገላጋይ ያልመጣበት ቀን

«ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚለውን አባባል አላምንበትም። ተገርፈን የሆንነው ተገራፊ ነው፤ ሰው የሆንነው በሌላ ነገር ነው። ይህን ስል ዱላ ሳይነካኝ አድጌ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን የማወራ እንዳይመስላችሁ። ጭሮ፣ እኛ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ የክትክታ ልምጭ አየሩን ሲሰነጥቅ ምን እንደሚል፣ ገና ሲቆረጥ ደግሞ ምን ምን እንደሚሸት አውቃለሁ።

ሽታው ባለፈው ክረምት ተመልሶ መጣብኝ። አባቴን ልጠይቅ ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ከአጥሩ ማዶ ክትክታ ቆረጠ፤ ያ መራራ፣ እጅ ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ ከመድኃኒት ቤት የወጣ የሚመስል ሽታ በካፊያው መካከል አልፎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አርባዎቹን ያጋመስኩ፣ መነጽር ያደረግኩ፣ በጽሑፍ ከሰው ጋር እየተጨቃጨቅኩ እንጀራዬን የማበስል ሴት ነኝ፤ ሆኖም «አይለምደኝም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፣ ምንም አላጠፋሁም። ከዱላ የተማርኩት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ሳላጠፋ ይቅርታ መለመንን።

በልጅነቴ ክረምት የልምጭ ወቅት ነበር። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ቤቶቹን ሲውጣቸው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ስንታጎር፣ የአጥሩ ክትክታ ለምልሞ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ያወጣ ነበር። ልምጩን የምንቆርጠው ራሳችን ነበርን። ይህ የአባቴ ፈጠራ አልነበረም፣ የሰፈሩ ወግ ነበር፤ ያጠፋ ልጅ ራሱ አጥሩ ድረስ ሄዶ መገረፊያውን መርጦ፣ ቅጠሉን መልምሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ያቀርብ ነበር። ቀጭን ያመጣ ተመልሶ ይላካል፤ ወፍራም ያመጣ ሞኝ ነው። እኔና በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ምሕረት በዚህ ጉዳይ ሊቃውንት ሆነን ነበር፤ ወገቡ ላይ አንጓ ያለውን፣ ሦስተኛው ምት ላይ የሚሰበረውን ልምጭ በሩቁ እንለይ ነበር። ዛሬ ሰዎች «ዱላ ሐቀኝነትን ያስተምራል» ሲሉኝ ያ አንጓ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መጻፍ የሚያስቸግረኝም ለዚህ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ የእግር መኪናውን እየረገጠ፣ መዝሙር በአፍንጫው እያንጎራጎረ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ የሚውል ጸጥተኛ ሰው ነበር፤ ገበሬዎች በኦሮምኛ ሲያዝዙት በኦሮምኛ እየመለሰ፣ የመንግሥት ሠራተኞች በአማርኛ ሲያዝዙት በአማርኛ እየመለሰ፣ ለሁሉም እኩል ቀጠሮ እያሳለፈ ይሰፋ ነበር። ሲገርፈን በንዴት አልነበረም። መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ ያጠፋነውን ይነግረናል፣ ከዚያ ይመታል። ልጁን የማይቀጣ አባት ልጁን አይወድም ብለው በጸሎት ቤት አስተምረውታል፣ እሱም እኛን ይወደን ነበር፤ ስለዚህ ይገርፈን ነበር። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ የነበረችው እናታችን ማታ ስትመለስ ሰንበሩ ላይ ቅቤ እየቀባች «እጁ ቢመታችሁ ልቡ አይመታችሁም» ትለን ነበር። እኔ ልቡን አላየሁትም፤ ሰንበሩን ግን አየው ነበር።

ደግነቱ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ እማማ ዘይነባ ነበሩ። ከስልጤ አገር ከባላቸው ጋር መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን ብቻቸውን ይዘው የቀሩ፣ ስኳርና ሳሙና ላምባም የሚሸጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ድምፃቸው ግን አሥር ልጅ ያሳደገ የሚመስል ሴት ነበሩ። የእኛ ጩኸት ሲሰማ ሚዛኑን ከነስኳሩ ጥለው፣ ነጠላ ጫማቸውን አንዱን አጥልቀው አንዱን ረስተው እየሮጡ ይገቡ ነበር።

«የምሕረት አባት! ተው! በእኔ ሞት፣ ተው ብያለሁ!»

በአማርኛ ካልተሳካላቸው በኦሮምኛ «ዲሲ! ዲሲ!» ይሉና፣ አባቴና እኛ መካከል ገብተው በሰፊው ቀሚሳቸው ይጋርዱን ነበር። ያኔ ዱላው ይቆማል። ይህን የሚደነግግ ወረቀት አልነበረም፣ የሚያስከብርም ፖሊስ አልነበረም፤ ግን በሰፈራችን በገላጋይ ላይ ዱላ የሚያሳልፍ ሰው እንደ እብድ ይቆጠር ነበር። አባቴ ልምጩን ይጥላል፣ እኛ «አይለምደኝም አባባ» ብለን ጉልበቱን እንስማለን፣ እማማ ዘይነባ «በል እንግዲህ ሻይ አስፈላ፣ የሮጥኩበትን» ይሉታል፣ ነገሩ በሳቅ ያልቃል።

አሁን ሳስበው አባቴም ይጠብቃቸው ነበር። ልምጩን ከማንሳቱ በፊት ጥፋታችንን ከልማዱ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይናገር ነበር። አንዴ ይመታና ወደ በሩ ያያል፣ ሁለቴ ይመታና ወደ በሩ ያያል። አባትነቱን ለማሳየት መጀመር ነበረበት፤ ለማቆም ደግሞ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው እማማ ዘይነባ ነበሩ። «ልጅን የሚያሳድገው መንደሩ ነው» እያሉ የሚያሞካሹ ሰዎች መንደሩ የሚሠራውን ትልቁን ሥራ አያውቁትም፤ መንደሩ የሚያሳድገው ልጁን ብቻ መች ሆነና፣ አባትየውንም ጭምር ነው።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት እንወሰድ ነበር። አባቴ አዲሱን መምህር ፈልጎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሥጋዋን ለእርስዎ፣ አጥንቷን ለእኔ» ብሎ ያስረክበኝ ነበር። እኔ ደግሞ መካከል ቆሜ የትኛው ክፍሌ የማን እንደሆነ አሰላ ነበር። መምህሩ አጭር ጥቁር የውሃ ጎማ ነበራቸው፤ እዚያ ገላጋይ የሚባል ነገር ስለሌለ ጎማው የሚቆመው ደወሉ ሲደወል ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ዘዴ አገኘሁ። ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ጥቅምት አካባቢ ይመስለኛል፣ ዱላው ካረፈ በኋላ ከመጮኽ ይልቅ ሳያርፍ መጮኽ እንደሚሻል ደረስኩበት። አባቴ ገና እጁን ሲዘረጋ፣ አንዳንዴም ገና ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ፣ አፌን ወደ ግድግዳው አድርጌ ስጮኽ እማማ ዘይነባ ልምጩ ሳይቆረጥ ይደርሱ ነበር። ምሕረት ትንቀኝ ነበር። «ሳይነካሽ የምትጮኺ ቡችላ!» ትለኝ ነበር፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ የምትችል፣ ስትመታም ዝም የምትል ልጅ ነበረች። እኔ ግን ባገኘሁት ጥበብ ኮርቼ ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። አንድ ቅዳሜ ሦስት አብረውት የተመረጡ ሰዎች እኛ ቤት መጡ፤ እናቴ ዳቦ ቆርሳ ሻይ ቀዳች፣ ቤቱ በአክብሮት ዝም አለ። አንደኛው ሰውዬ ኮት ሊያሰፋ ፈልጎ ኖሮ ተነሥቶ ቆመ፣ አባቴም ትከሻውን ሊለካው ከመኪናው ጀርባ ረጅሙን የእንጨት ሜትር መዘዘ። እኔ ጠዋት የሰበርኩት የሻይ ብርጭቆ ነበረ፤ ስብርባሪው ከአልጋ ሥር ተደብቋል። ሜትሩ ከፍ ሲል ብርጭቆው የተገኘ መሰለኝ። «ኧረ አይለምደኝም! ኧረ ገደለኝ!» ብዬ ግድግዳውን አንቀጠቀጥኩት።

እማማ ዘይነባ የስኳር መስፈሪያቸውን እንደያዙ በሩን በርግደው ገቡ።

«ገደልካት! ልጅቱን ገደልካት፣ አንተ ሰውዬ! አላህን አትፈራም?»

አባቴ ሜትሩን በእንግዳው ትከሻ ላይ ዘርግቶ እንደቆመ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዳቦ በአፋቸው እንደያዙ ቀሩ። ስኳሩ ከመስፈሪያው ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። እማማ ዘይነባ እኔን አዩ፣ ሜትሩን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፤ ከዚያ «አስተግፊሩላህ» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ወጡ። ኮት የሚለካው ሰውዬ «ሴትዮዋ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ «ጎረቤት ናቸው» አለ።

ማታውን ልምጭ ቁረጪ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ሱቁ ሄደ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሰማሁት።

«እትዬ ዘይነባ፣ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማከብርዎት። ከዛሬ ወዲያ ግን በልጆቼ አይግቡብኝ። ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ። አባታቸው እኔ ነኝ።»

«እኔስ? እኔስ ምናቸው ነኝ?»

«ጎረቤት ነዎት፣ እትዬ።»

ሚዛኑ ላይ የብረት ድንጋይ የማስቀመጥ ድምፅ ተሰማኝ።

«ወላሂ አልገባም» አሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ሳይነካኝ ስለጮኽኩ ነው። ያኔ ግን አልገባኝም፤ እንዲያውም ከልምጭ ስለተረፍኩ ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት።

ጥር ነፋስና አቧራ ይዞ መጣ፤ የሠርግ ወቅት ስለሆነ የአባቴ መኪና ዕረፍት አልነበረውም። ከበደሳ ከተማ የመጡ የሙሽራ እናትና አክስት ቀይ ሳቲን ጥለው ሄደው ነበር፤ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ እጅ ሲነካው የሚንሸራተት፣ በሰፈራችን ታይቶ የማይታወቅ ጨርቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ለጸሎት ሄዶ፣ እናቴ ሥራ ላይ ሆና፣ ምሕረት ቤቱን እንድትጠብቅ ታዝዛ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ እኔ ትልቁን መቀስ አነሳሁ። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሠራኋት አሻንጉሊት ነበረችኝ፤ እሷም ሙሽራ መሆን ነበረባት። ጫፉን ብቆርጥ ይታወቅብኛል ብዬ ጨርቁን አጥፌ ከመሐሉ ቆረጥኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ብልህነት ይኸው ነው።

አባቴ ሲመለስ ሴቶቹ አብረውት ነበሩ። ሳቲኑን ሊያሳያቸው ዘረጋው፤ በጨርቁ መሐል፣ ልክ የሙሽራዋ ደረት በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ነበረ። እናትየው «ያ ረቢ» ብላ ራሷን ያዘች። አክስትየው በኦሮምኛ የተናገረችውን አልደግመውም። ሴቶቹ ጨርቃቸውን ጠቅልለው፣ ለሰፈሩ ሁሉ እየተናገሩ ወጥተው ሄዱ። ተራ ጠብቀው በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሁለት ደንበኞችም ተነሥተው ተከተሏቸው።

አባቴ በሩን ዘጋ።

«አንቺ አልነበርሽም ቤቱን የምትጠብቂው?» አላት ምሕረትን።

ምሕረት እኔን አየችኝ። ከመኪናው ጀርባ ቆሜ አሻንጉሊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ ጣቴ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል። ክሩን አየችው። ከዚያ ዐይኗን መለሰችና ዝም አለች። «እኔ ነኝ» አላለችም፣ «እሷ ናት» አላለችም። አባቴ ዝምታዋን እንደ ድፍረት ቆጠረው።

የዚያን ቀን አልጸለየም። ልምጭ ቁረጪ አላለም። በጥፊ መታት፤ ግራ ጆሮዋ ላይ፣ በሙሉ እጁ። ቀጥሎ የመኪናውን የቆዳ ጠፍር ከመንኮራኩሩ ላይ ፈትቶ አነሣ። መታ፣ ወደ በሩ አየ። መታ፣ ወደ በሩ አየ። ጥርሷን ነክሳ የምትችለው እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይለምደኝም አባባ! አይለምደኝም!» ብላ በሰፈሩ የሚሰማ ጩኸት ጮኸች። እኔም በሩን አየሁ። ሦስታችንም በሩን እያየን ነበር።

በሩ አልተከፈተም። ከግድግዳው ማዶ የእማማ ዘይነባ ሬዲዮ ድንገት ከፍ አለ፤ አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ያወራ ነበር፣ ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ።

አባቴ እንዴት እንደሚቆም አያውቅም ነበር። ይህን የምለው ላስተባብልለት አይደለም፤ ያየሁት ይህን ስለሆነ ነው። እጁ ይነሳል፣ ዐይኑ በሩ ላይ ይቀራል፣ ማንም አይገባም፣ እጁ ይወርዳል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሊያስቆመው የሚችል ገላጋይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አሻንጉሊቷን አጥብቄ ይዤ ዝም አልኩ። ያበቃው ምሕረት ጩኸቷን ስታቆም ነው፤ እሷ ስትተው እሱም ተወ፣ ጠፍሩን መሬት ላይ ጣለው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጁን አገላብጦ ያየው ጀመር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር የምሕረት ጆሮ መግል ያፈስ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ታምቡሩ ተቀዷል፣ ቆይቷል፣ አለ። መግሉ ደረቀ፤ በግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማችም። ሐኪሙ «ምን ነክቷት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «ወድቃ ነው» አለች፤ ሐኪሙም እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አገሩ ሰው «እሺ» ብሎ ጻፈ።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ በእኛ ላይ እጁን አላነሣም። ይቅርታም አልጠየቀም። ያደረገው ነገር አንድ ነው፤ ምሕረት ባለችበት ሁሉ በቀኟ በኩል መቀመጥ ጀመረ። ገበታ ላይ፣ ጸሎት ቤት፣ መኪና ተሳፍረን ስንሄድ፣ ቦታ የያዘ ሰው ቢኖር እንኳ አስነሥቶ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ይቀመጥ ነበር። ክትክታውም ሳይቆረጥ አድጎ አድጎ መስኮታችንን ጋረደው።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ባሰርኩበት ቀን ሳቲኑን የቆረጥኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። መኪናውን መርገጡን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ። «አሻንጉሊቷን ያን ሰሞን ከፍራሹ ሥር አገኘኋት።» አሥር ዓመት ሙሉ እሱ አውቆ ዝም፣ እኔ አውቄ ዝም፣ ምሕረት አውቃ ዝም ብለን አብረን በልተናል። ዱላ ቤተሰብን በሥርዓት ያኖራል የሚሉት ይህን ጸጥታ አይተው ከሆነ ልክ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ለዕረፍት ስመለስ እማማ ዘይነባ አርጅተው፣ ሱቃቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙኝ።

«ሩቴ፣ ሬዲዮኑን ያስጮኽኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ወላሂ ብያለሁ፣ ምን ላድርግ? እንዳልሰማ ብዬ ነው። መሐላዬን ብሰብረው አሥር ድሃ ማብላት፣ ካልሆነም ሦስት ቀን መጾም ነበር። ሦስት ቀን! ረመዳንን ሙሉ የምጾም ሴትዮ፣ ለልጅ ጆሮ ሦስት ቀን ከበደኝ?»

ሳይነካኝ ጮኼ ያንን መሐላ ያስማልኳቸው እኔ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ስለ ሕጉም ልናገር፤ ያለዚያ ትዝታ ብቻ ታወራለች ትሉኛላችሁ። ሳቲኑ በተቀደደ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሕገ መንግሥቱ ወጣ፤ መምህራችን ስለ ልጆች መብት የሚናገረውን አንቀጽ፣ ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ ሕፃናት በሚያድጉበት ተቋም አካሉ ላይ ከሚደርስ ቅጣት ነጻ መሆኑን የሚናገረውን፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ አስገለበጡን። ጎማዋ ብብታቸው ሥር ነበረች። አንቀጹን አሳስቶ የገለበጠ አንድ ልጅ በዚያችው ጎማ ተመታ። ሳቅን፤ መምህሩም ሳቁ፤ ምቱ ግን አልቀረም። ሕጉን አልንቅም፤ ጎማዋን ከብብት ያስወጣት፣ በስንት ዓመቱም ቢሆን፣ እሱ ነው። ነገር ግን ያ ሕግ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ገብቶ የቤታችን ደጃፍ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ይቆማል። ቤት ውስጥ ወላጅ በአግባቡ መቅጣት ይችላል ይባላል፤ አግባብ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለአባቴ የነገረው ሕግ አልነበረም። የነገሩት እማማ ዘይነባ ነበሩ፣ እሳቸውን ደግሞ አስማልን።

ምሕረት ዛሬ ሂርና ከተማ መምህርት ናት። ልጆች ሲያናግሯት አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ትሰጣቸዋለች፤ አዳዲሶቹ ተማሪዎች ኩራት ይመስላቸዋል። መስከረም ሲመጣ ዛሬም አንዳንድ አባት ልጁን በእጁ እየጎተተ መጥቶ «ሥጋውን ለአንቺ፣ አጥንቱን ለእኔ» ይላታል። እሷም «ሥጋውንም አጥንቱንም ይዘው ይሂዱ፤ እኔ የምፈልገው ጆሮውን ነው» ትለዋለች። አባቶቹ ይስቃሉ። ቀልድ አይደለም።

ወደ ባለፈው ክረምት ልመለስ። ክትክታውን የቆረጠው ከአጥሩ ማዶ አዲስ የተከራየ ወጣት ነበር፤ የእማማ ዘይነባ ሱቅ ፈርሶ፣ በቦታው የብሎኬት ቤት ተሠርቶ፣ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ገብቶለታል። ትንሽ ቆይቶ የልጅ ለቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ ናት፤ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት። «አይለምደኝም» ትላለች። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። እኔ፣ ስለ ሕፃናት መብት ስንት ገጽ የጻፍኩት ሴትዮ፣ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ለማን መደወል እንደሚሻል፣ ምን ብዬ እንደምጀምር፣ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ አሰላስል ነበር። ካፊያው በርትቷል። አባቴ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ነው፤ ከዘራውን አነሣና ምንም ሳይለኝ ወጣ። ተከተልኩት።

የብረቱን በር በከዘራው ጫፍ መታው። እንደገና መታው። ለቅሶው ሳይቋረጥ ወጣቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ፤ ልምጩ በእጁ ነው።

«አቤት አባባ?»

«ልጅቱን ተዋት።»

«የቤት ጉዳይ ነው አባባ። በልጄ አይግቡብኝ።»

አባቴ ዝናብ ውስጥ ቆመ። ከስንት ዓመት በፊት ስኳር ይሸጥበት በነበረው በዚያው ቦታ ላይ ራሱ የተናገረውን ቃል እየሰማ ነበር፤ ፊቱን አየሁት፣ ያወቀው መሰለኝ።

«እውነትህን ነው ልጄ» አለ። «እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ሰሙኝና ቀሩ።» ከዚያ ግንባሩን በሩ ላይ ሊያስደግፍ ደርሶ «በል ውሃ ስጠኝ፣ ጠምቶኛል» አለው።

ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ውሃ ለሚለምን ሽማግሌ ምን ይባላል? ወጣቱ እኔን አየ፣ አባቴን አየ። ልምጩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። ውሃውን ይዛ የመጣችው ልጅቷ ናት፤ ንፍጧን እየሳበች፣ ጆጉን በሁለት እጇ አቅፋ። አባቴ ጠጣ። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሽ እየወሰደ፣ ጆጉን እስኪጨርስ ጠጣ፤ እስኪጨርስ ድረስ ወጣቱም ልጅቷም እኔም ቆመን ጠበቅን። ሲጨርስ «ድገሚኝ» አላት። ሁለተኛውን ጆግ ሲጋምስ ወጣቱ ሳይወድ ፈገግ አለ። «ይበቃል አባባ፣ ገብቶኛል» አለ። ልምጩ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ እየራሰ ቀረ።

ስንመለስ አባቴ በግራዬ በኩል ይሄድ ነበር። የእኔ ሁለቱም ጆሮዎቼ ጤነኞች ስለሆኑ ለእሱ ለውጥ የለውም። «አባባ፣ ስንቴ ነው እንዲህ ውሃ የሚለምኑት?» አልኩት። «ልጆች ሲያለቅሱ ነው» አለኝ።

ያኔ ግድግዳው የጭቃ ነበር፤ ለቅሶ ያሳልፋል፣ ሰውም በሩን በርግዶ ይገባል። ያኔ ሕግ አልነበረም፣ ገላጋይ ግን ነበር። ዛሬ ሕግ አለ፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ ብረት ሆኗል፣ ሁላችንም ያልተጠራንበት የማንገባ ጨዋ ጎረቤቶች ሆነናል። የቱ ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። የእህቴ ጆሮ የጠፋው ከሁለቱ አንዱም ባልነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጽሑፌን አትውደዱት፣ «እውነት ነው» ብላችሁም ራሳችሁን አትነቅንቁልኝ። ነገ ከግድግዳው ማዶ ልጅ ሲያለቅስ ስትሰሙ ሬዲዮናችሁን አታስጩኹ። ተነሡና አንኳኩ። የምትሉት ካጣችሁ ውሃ ለምኑ።